የምድር ዳር

ማክሰኞ ማክሰኞ ከፈረቃ ስወጣ፣
የአንትወርፕ ሰማይ አመዱን ሲያመጣ፣
ቢጫ ሰደርያ፣ የፕላስቲክ ራስ ቁር፣
(የመዳን ራስ ቁር ቢሆን አይሰነጠቅም ነበር)
ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ወደብ ስበር፦

የሱፍ ቆብ ስድስት፣ የሳል ከረሜላ፣
የስልክ ካርድ ደርዘን፣ ካልሲ፣ ሌላም ሌላ፤
ወንጌሉ ከሥር ነው፣ በዐሥራ አንድ ቋንቋ፣
በላስቲክ ጠቅልዬው ከዝናብ ከጭቃ።

በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ ሽበታሙ ዊም፣
መታወቂያ ያያል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም።
«ሂድ» ይለኛል በእጁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሂድ፤
እኔም እሄዳለሁ፤ ትእዛዜ ነው መሄድ።

ክሬኑ አንገቱን ወደ ደመና አስግጎ
ኮንቴይነር ያነሳል እንደ ጡብ አድርጎ፤
ከስኬልድ ወንዝ ዳር፣ ሰፈር የሚያህል
መርከብ ቆሞ አየሁ፣ ሙዝ ሙዝ የሚል።
መሰላሉ ይዋልላል፤ ገመዱ እጅ ይልጣል፤
ከታች ጥቁር ውሃ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።
«ምን ልትሸጥ መጣህ?» አለ የጆርጂያው መኮንን።
«የምሸጠው የለም።»
«እንግዲያ ምን ልትሆን?»

ምግብ ቤቱ ሽንኩርትና ናፍጣ ይሸታል፤
ዐሥራ ሰባት ወንድ እንቅልፍ ተርቦ ይጎለታል።
ካርዱን ተሻሙበት። ወንጌሉን ግን ቀስ ብሎ
አንዱ ገለጥ አደረገ፣ አንዱ «ለነገ» ብሎ፣
ወጥ ሠሪው ከጠረጴዛው እግር ሥር አኖረው ጠቅልሎ፤
መንገጫገጩን ተወ።
ይሁን አልኩ፤ ቃሉ ዛሬ ያሳረፈው እንጨቱን ነው።

አንድ ልጅ እግር ነበር ጥግ ላይ ተቀምጦ፣
ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ውጦ።
«አገርህ ወዴት ነው?» «ኪሪባቲ» አለ፤
ካርታ ላይ ፈለግናት፤ ጣቱ ጫፍ ላይ ያለ፣
የዝንብ ዐይን ታህላለች ከሰማያዊው ባሕር፤
ልቤ ዘለለች፦ ይኸው! ይኸው የምድር ዳር!

መጽሐፉን ልሰጠው እጄን ስሰነዝር፣
ከደረት ኪሱ አወጣ አሮጌ መዝሙር፣
ጨው የጠጣ፣ በዓሣ መረብ ክር የተሰፋ።
«የአያቴ ነው» አለ። «መቃብሩ ጠፋ፤
ባሕሩ እየገፋ መንደሩን ሲወስደው፣
ከሱ እኔ ጋ የተረፈው ይሄ ነው።»

ከዚያ በመስኮት እያየ፦ «ያ ረጅሙ ግንብ፣
ሰው ይገባበታል? ወይስ ለእርግብ ብቻ ነው የተገነባ?
እኛ ዘንድ ሽማግሎቹ ለዚህ ከተማ ይጸልያሉ፤
ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው፣
‹የምድር ዳር› ይሉታል፤ ‹የምድር ዳር ያሉትን አስብ› ይላሉ።»

ሻዬ በረደ።
ቴባዎ እጁን ከተሰነጠቀው ቁሬ ላይ ጫነና ጸለየልኝ፤
ከማላውቀው ቋንቋ መሐል «ኅሩይ» ብቻ ተለየልኝ።

ስመለስ መሽቷል። ዊም ከመስታወቱ ኋላ
የፌስታል ዳቦውን ብቻውን ሲበላ፣
ሚስማር ላይ ሻርፕ አየሁ፣ አረንጓዴ፣ የሴት፣
አቧራ ለብሷል፤ ስንቴ ይሆን ያለፍኩት?
«ሂድ» አለኝ በእጁ።

አልሄድኩም።
«ቁጭ ብል ይከፋሃል?» አልኩት በተሰባበረ ደችኛዬ።
ወንበሩን በእግሩ ገፋልኝ።
ወንጌል በሱ ቋንቋ አልያዝኩም፤ ዐሥራ ሁለተኛው፣ የደጄ ሰው ቋንቋ፣
ከቦርሳዬ ዝርዝር አልገባም ነበር።
የቀረኝን ከረሜላ ለሁለት ተካፈልን።
ሻርፑን ሳየው አየኝ።
«ማሪክ ትባላለች» አለ። ቆይቶ፣ «ትባል ነበር።»

ውጭ የመጨረሻው ትራም ደወለ።
ይሂድ።