የጣሳው ቆጠራ

ሥራዬ ጣሳ ነው፤ የቲማቲም ጣሳ።
ጎህ ሲቀድ ወርጄ፣ ከግድቡ እግር ሥር፣
ከድንጋይ መሀል ላይ የሚሾልከውን ውሃ
ጣሳዬን ደግኜ እጀምራለሁ መቁጠር፦
አንድ… ሁለት… ሦስት… እስከ ሠላሳ።
ሠላሳ ላይ ሞላ? ደብተሬ ላይ ይስፈር፦
«ሰኔ ስምንት። ሠላሳ። የጠራ።»

ላዩ ላይ ሌላ ነው። ላዩ ላይ ሐይቅ ነው፤
ከሐርቡ፣ ከደሴ የመጣው ጎረምሳ
ዳክዬ ጀልባውን ይረግጠዋል በሳቅ፤
ሙሽራ አለች፣ ካሜራ፣ የተጠበሰ ዓሣ።
እነሱ የሚያዩት ፊቱን ነው፣ ውሃውን፤
እኔ የተቀጠርኩት ልጠብቅ ጀርባውን።

አያ እንድሪስ ድሮ ተሳቢ ነጂ ነው፣
የአሰብን አስፋልት በጎማ የጨረሰው።
በዚያ ንዳድ መሀል ያማረው ውሃ ነበር፤
ብር የያዘ ለታ ገደበ በአፈር።
ደግ ሰው ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። አንድ ቃል አለችው፤
ለመጣው ነገር ሁሉ እሷን ነው የሚመዛት፣ እሷን ነው የሚላት፦
አብሽር።

«አያ፣ ጃርት ገብቷል፤ ጉድጓድ አለ ከጎኑ።»
«አብሽር።»
«ባሕር ዛፉም ይቆረጥ፤ ሥሩ ሲበሰብስ ይተዋል ቀዳዳ።»
«አብሽር፣ ሙሽሮች ጥላውን ወደውታል፤ ምን ዕዳ!»
«ማፍሰሻውን ሳር ወረሰው፤ ለዒድ ውሃው ከፍ ይበል ብለህ በሳንቃ የዘጋኸው…»
«አብሽር አልኩህ፣ ይመር! ሁሉንም አላህ ነው የሚያውቀው።»

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይላል የአገሬ ሰው፤
እኛ ዘንድ በአምሳ ብር ትኬት ነው የሚያስቀው።
ከታች ስድስት ጣሪያ አለ፤ እሱንም ቆጥሬያለሁ፤
የጦይባን፣ የአሰንን ወፍጮ… ማታ መብራታቸውን አያለሁ።

ነሐሴ ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ።
ጣሳው ሃያ ላይ ሞላ፤ በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ስል ገነፈለ።
ያስፈራኝ ብዛቱ አይደለም። ክረምት ነው፣ ይበዛል።
መልኩ ነው። ጠርቶ ሲወጣ፣ ግድብም እንደ ሰው ያልበዋል፤
ደፍርሶ ሲወጣ ግን ላቡ አይደለም፣ ሥጋው ነው፤
ከውስጥ የሚበላው አለ ማለት ነው።

በዚያው ሌሊት፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ከራሴ ብቻ መክሬ፣
ሳሩን በማጭድ አጭጄ፣ ሳንቃውን በድጅኖ ሰብሬ፣
አንድ ሳንቃ፣ ትንሽ ቆይቼ ሌላ፤
በአንዴ አይለቀቅም፣ ሰው አለ ከኋላ።

ነጋ። ዳክዬዎቹ ሆዳቸው ጭቃ ላይ ተጋድመው አደሩ።
አያ እንድሪስ በነጠላ ጫማ፣ ዓይኑ ቀልቶ፦
«ምነው ይመር! የቅዳሜውን ሠርግ ቀብድ በልቻለሁ እኮ!»
አልመለስኩም። እጁን ይዤ አወረድኩት።
ጣሳውን ሰጠሁት።

አጎንብሶ አየ። ሁለት ጣቱን ነክሮ
አሸው፣ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ፣ ልክ እንደ ድሮ
የሞተር ዘይት ሲያይ፣ ብረት በልቶ እንደሆን ሲለይ።
አሸዋው ቆረቆረው።
ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ጣሪያዎቹን አየ።
አብሽር አላለም።

በጋውን ዛፉ ወደቀ፣ ከነሥሩ ተነቀለ፤
የጃርቱ ቤት በዋልካ ተጠቅጥቆ ታሸገ።
ሰሚራ የምትባል መሐንዲስ ከደሴ መጥታ
አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ በተራ አስነጠፈች፣
ለደብተሬ መስመር አሰመረችለት፣ በቀይ፤
ስሜንም ጻፈችበት፣ ከሽፋኑ ላይ።

ትናንት ጦይባ ከአጥሯ ሥር ጠራችኝ።
ምስጋና ነው ብዬ ኮቴን አስተካከልኩ።
«ኧረ አንተ ሰው! ምን አደረግከው? ሽንኩርቴ ደረቀ!
ከግድቡ ሥር የሚመጣው ውሃ ምነው እንዲህ ራቀ?»

ይቅርታ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ።
ዛሬም ጎህ ሲቀድ ወርጃለሁ።
አርባ አምስት።
የጠራ።