ሃያ ሊትር

ግድግዳው ላይ ነበር፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«አሥራ አንድ ሰዓት መንቃት፤ ሁለተኛ እንቅልፍ የለም፤
ስፖርት፤ ሩብ ሰዓት ማንበብ፤ ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፤
እስኪነጋ ድረስ ስልክ አለመንካት።»
ሦስት ቀን አከበርኩት። በአራተኛው ንጋት
የአዳማ ንፋስ መጥቶ፣ ፕላስተሩን ልጦ፣
ወረቀቴን አገኘሁት አጥር ላይ ተቀምጦ፤
የእትዬ መሬማ ፍየል
ከ«ስፖርት» ጀምራ እስከ «ስልክ» በልታው፣
«እንቅልፍ» የሚለውን ብቻ ለእኔ ትታው።

ሥራዬ ቀለም ነው። ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
በባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ እጽፋለሁ።
አንድ ክንድ ከስንዝር ነው ያለኝ ቦታ፤
ከአምስት ቃል አያልፍም፤
ስድስተኛው ፍሬቻ ይሸፍናል፣ ሾፌሩን ትራፊክ ያስቆመዋል።
የሚመጣው ሁሉ «ሌላ ሰው ያልያዘው» ይላል፣ «የኔ ብቻ»።
«ሁሉም ያልፋል» አልፏል፤
«ምቀኛ አታሳጣኝ» በየመንገዱ ተርፏል።
አዲስ ቃል ከየት ይቀዳል በየማለዳው?
እንጀራዬ እሱ ነው፤ እሱው ነው ፍዳው።

በገንደ ጋራ ውሃ የሌሊት እንግዳ ነው።
አስር ሰዓት ላይ ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ይስላል፣
አየር ይተፋል፣ ዝገት ይተፋል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣
ከዚያ የክር ያህል ቀጥኖ ይወርዳል።
ቢጫዋ ጄሪካን በዚያች ክር እስክትሞላ
አሥራ ስምንት ደቂቃ። የምሄድበት የለ፣ የምሠራው የለ ሌላ፤
ብሄድ ተራዬን ይወስዱታል፤ ብተኛ ይፈሳል፤
መብራት ጠፍቷል፤ የስልኬም ባትሪ አልቋል።
የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ አገጬን በጉልበቴ፣
እሰማለሁ።

ባዶ ሳለች ድምጿ ወፍራም ነው፣ የጎረምሳ፤
ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል፤
አንገቷ ላይ ሲደርስ ያፏጫል።
ከታች፣ በዋናው መንገድ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና ማርሽ ይቀይራል፤
ከኮረብታው ጫፍ የንፋስ ተርባይኑ
በጨለማ፣ ለማንም ሳይል፣ ይዞራል።

የእኔም ሐሳብ ወፍራም ነው መጀመሪያ። የፊተኛዋ ጄሪካን
የምሬት ናት፦ የቤት ኪራይ፣ የቀለም ዋጋ፣ ያልከፈለኝ ሰው ስም።
ሁለተኛዋ ላይ ምንም የለም።
(ምንም አለመኖሩን ለመልመድ ወር ፈጅቶብኛል።)
ሦስተኛዋ ላይ፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣
አንድ ቃል ጠብ ይላል።

ለዲንቃ የጻፍኩት እንደዚያ የመጣ ነው፦ «ቢቀጥንም ይሞላል»።
አየው። ራሱን አከከ። «ስለ ቤንዚን ነው?» አለኝ።
«አዎ፣ ስለ ቤንዚን ነው።» ሃምሳ ብር ጨመረልኝ።

ከዚያ እትዬ መሬማ ጥቁር ሮቶ ገዙ፤ ጣሪያው ላይ ሰቀሉ።
ውሃ እንደልብ ሆነ፤ ጎረቤቶች እልል አሉ፤
እኔም እልል አልኩ። እስከ አንድ ሰዓት ተኛሁ።
በዚያ ወር ሦስት ባጃጅ ላይ «ሁሉም ያልፋል» ጻፍኩ፤
በአንደኛው ፊደል ገደፍኩ።

ትናንት አስር ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ፣
ቢጫዋን ከአልጋ ስር ጎትቼ ወጣሁ፤ ብርዱ ነከሰኝ፤
ቧንቧውን የክር ያህል፣ የክር ያህል ብቻ፣ ከፈትኩ።
መስኮት ተከፈተ። «ምነው ልጄ፣ ሮቶው ሞልቶ የለ?
ምን ትጠብቃለህ?»
«እስክትሞላ ነው፣ እትዬ።»
«ምኗ?»
መልስ ስላጣሁ ጄሪካኗን አሳየኋቸው።
ራሳቸውን ነቅንቀው መስኮቱን ዘጉ።

ስትሞላ ፍየሏ መጣች። ባልዲው ላይ ቀዳሁላት፤ ጠጣች፤
ጢሟን እያንጠባጠበች ኪሴን አሸተተች፣
ወረቀት ፍለጋ።
ወረቀት አልነበረም። በጄሪካኗ ጎን፣ በከሰል፣
ሁለት ቃል ነበር፤
የሦስተኛው ድምፅ ገና ወፍራም ነው።