የኋላ ጥርስ

በቺሎዌ ደሴት ሹሙ ጭቃ ነው፤
ዝናብ የሾመውን ማን ሊሽረው?
ከቾንቺ ወዲያ፣ ከባሕሩ በላይ
ቀዩ ሸክላ አፈር ተጋድሞ ዳገት ላይ
የወጣውን ሁሉ ያንሸራትታል፣
በግ ሳይቀር እዚያ በቂጡ ይወርዳል።

አባቴ የተወልኝ ቢጫ ሎደር አለኝ፤
ከፊት ባልዲ፣ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ፣
ወንበሩ በእሱ ልክ የጎደጎደ፣
እኔን ገና ያልለመደ።
ቦይ እቆፍርበታለሁ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣
የድንች ማሳ ዳር፣ የዓሣ ፋብሪካ መንገድ፣
ደግሞም መቃብር።

ባለፈው ነሐሴ፣ በዶን ኤሊሴዮ ቀብር፣
ጎማዬ ሊሾ ነበር፣ እንደ ሽማግሌ ድድ፤
ለበሩ ሃያ ክንድ ሲቀረኝ እንቢ አለ መንገድ።
ሞተሩ አጓራ፣ ጨሰ፣
ጎማው ባለበት ዞረ፣ ጭቃ ለወሰ፣
ከዚያም ቀስ እያለ፣ እንደሚያፍር ሰው፣
ወደ አጥሩ ወረደ፤ ማን ይመልሰው?
ሬሳው ቆመ። ዝናቡ አልቆመም።
ስድስት ጎረቤት አካፋ ይዞ ወጣ፤
እኔ መሪ ጨብጬ ቁጭ፣ ፊቴ ነጣ።
ሚስትየዋ፣ ዶኛ ኡቤርሊንዳ፣ ምንም አላለች፤
አንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ሰጠችኝ።
ከስድብ የከፋ ነበር።

ጎሚስታው ዶን አቤሊኖ ሦስት ጎማ ደረደረ፣
በእርሳስ ጆሮውን እየጎረጎረ።
«ይኼ ለአስፋልት፤ ጥርሱ አጭር፣ ዕድሜው ረጅም፤
ጭቃ ላይ ግን ካንቺ ጫማ አይሻልም።
ይኼ መካከለኛው፣ የኮንስትራክሽን ነው፣
ሁሉን የሚጀምር፣ አንዱን የማይጨርሰው።
ይኼኛው የእርሻ፤ ጥርሱ እንደ ቀንድ ገደድ፣
ዳገት ይወጣል፣ ግን ይበላዋል መንገድ፤
አስፋልት ላይ ያልቃል እንደ ተማሪ ላጲስ፣
ወገብሽን ሲነቀንቅ እስከ ቤትሽ ድረስ።
ለመሆኑ ሥራሽ የት ይበዛል?»

በጣቴ ቆጠርኩ።
ግማሹ አስፋልት፣ ሲሶው ማሳ፤
መቃብር በዓመት ዘጠኝ።
«እንግዲያው መካከለኛው» አለኝ፣
«ጎማ የሚገዛው ለበዛው ቀን ነው፣ ለከፋው አይደለም።»
ልክ ነበር። ልክ መሆኑ አናደደኝ።

ጎንበስ አልኩና ጣቴን በጥርሶቹ መሃል ሰደድኩ፤
የመካከለኛው ጠባብ፣ ጭቃ አቅፎ የሚያስቀር፣
የእርሻው ሰፊ፣ ዳሩ ክፍት፣ ምንም የማያቋጥር።
መንከስማ ሁሉም አንድ ዙር ይነክሳል፤
ዳገት የሚወጣው የነከሰውን የሚተፋው፤
አፉን ሞልቶ የያዘ ያው ሊሾ ነው።

«የእርሻውን» አልኩት፣ «ሁለቱን የኋላ ብቻ።
የሚገፋው የኋላው ነው፤ የፊቱ መንገድ ያሳይ፣ ይበቃዋል።»
ከመነዳሪው ውስጥ ጨውና ውሃ ሞላልኝ፣
ለክብደት፤ ጥርስ ያለ ክብደት ፈገግታ ነውና።
ቀስቱ ወደፊት መዞሩን ሁለቴ አየሁ፣
ቡሎኑን በገዛ እጄ አጠበቅሁ፣
የሦስት ወር ዱቤ፣ ያለ ደረሰኝ።

ቅዳሜ ማንም አልሞተም።
ዝናቡ ወፈረ። አስነሳሁና ወጣሁ።
አጥሩን አለፍኩ፣ በሩን አለፍኩ፣
ጎማው መሬቱን እንደ ክፉ አሳዳጊ ቆንጥጦ
እስከ ኤሊሴዮ መስቀል ድረስ ወሰደኝ።
ከታች ባሕሩ ግራጫ።
እስቅ ነበር፣ ብቻዬን፣ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ።

ስወርድ ዶኛ ኡቤርሊንዳ በሩ ላይ ቆማለች፤
እኔን አይደለም፣ ዱካዬን ታያለች፤
ሁለት የተቦደሰ መስመር፣ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር፣
በየሳምንቱ በእጇ የምታጭደው ሣር።
«ወጣሽ» አለች።
«ወጣሁ።»
«ሰው ሲሞት ውጪ። በባዶ ቀን አትምጪ።»
ባለ ጥርስ መቧጠጫዋን አቀበለችኝና ሄደች።

እስኪመሽ ጎንበስ ብዬ ጭቃውን መለስኩ፣
የተነቀለውን ሣር በመዳፌ ጠቀጠቅሁ።
ቦት ጫማዬ ሊሾ ነው፤
ሁለቴ ወደቅሁ።