የዝምታ አበል

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ፣
ሥራዬ ወንበር መደርደር ነው፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ።
ለዝምታ አበል ይከፈለኛል፤ ፈርሜ እቀበላለሁ፤
እናቴ ስትሰማ ሳቀች፦ «ይኼንማ እኔም አውቃለሁ፤
ዕድሜ ልኬን ሠርቸዋለሁ፣
ከፋይ አጣሁ እንጂ።»

ከቢሮ የላኩልኝ አጀንዳ ነበር፣
ባለ ሰባት ነጥብ፣ ባለ ማኅተም፤
ሰባተኛው «ልዩ ልዩ» ነው፤ እዚያ ላይ ደርሰን አናውቅም።
የሰው ነገር ሁሉ ግን እዚያው ነው የሚተኛ።

አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።
ግድግዳው ላይ ባዶ ወረቀት ለጠፍሁ፣
ወለሉ መሐል ማርከር በተንሁ፣
«የጎረበጣችሁን ጻፉ» አልሁ፤
አልሁና ተቀመጥሁ።

ዝም።
አንዱ ይስላል። አንዱ በዓይኑ ሊቀመንበር ይፈልጋል።
ሊቀመንበር የለም፤ ክብ ነው፤
በዚህ ከተማ ድንጋዩ እንኳ ራስጌና ግርጌ አለው፣
ክብ ግን የለውም።
መምህር ቢምረው መነጽራቸውን ጠርገው፣
«ታዲያ ማን ነው የሚመራን፣ ልጄ?» አሉኝ ዝግ ብለው።
መልሱ ምላሴ ጫፍ ነበረ። ዋጥሁት።
እንደ ትኩስ ድንች ጉሮሮዬን ላጠኝ።

መጀመሪያ በያጁ ሰጠኝ ተነሣ፤ ጫማው ይንጫጫል፦
«ወጣቱ ለምን በመተማ ይወጣል?»
ከዚያ ብርቄ፦ «የዕድሩ ድስት አሥራ ሁለት ነበረ፣
ማን ቤት ነው ሰባቱ የቀረ?»
ሳቅ ሆነ። ሳቁ ገመዱን በጠሰው፤
ከዚያማ እጅ በእጅ ላይ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ፣
ግድግዳው ጠበበ።

ይታይሽ መጨረሻ መጣች።
ሃያ ሊትር አዝላ ዳገት የምትወጣ፣ አንድ ማርከር ከበዳት፤
«አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ፤ ጻፍሁላት፦
«ውሃው ሌሊት በስንት ሰዓት ነው የሚመጣ?»
ይኸው ነው።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ወረደበት፤
ማንም ማንንም አይሰማ።
ትልቁ ክብ ተሰነጠቀ፤
ሰው ወንበሩን እየጎተተ፣
ጆሮውን ወደሚሻው አፍ አስጠጋ።
እኔ አራት ቦታ ልከፍላቸው አቅጄ ነበር፣
ዝናቡ ስድስት ከፈላቸው።
አንዱ ከድስቱ ተነሥቶ ወደ መተማ ሄደ፣
ማንም አልተቆጣው፤ እግሩ የራሱ ነው።

ይታይሽ ጋ ማንም አልመጣ።
ሦስት ባዶ ወንበር።
ከነጠላዋ ጫፍ ክር ትመዛለች።
ልሂድ? አጠገቧ ልቀመጥ?
ማዘንም አንዳንዴ መምራት ነው፣
ይህን ማንም አላስተማረኝ።
የተቀመጥሁበትን ወንበር በሁለት እጄ ያዝሁት።

በሩ ተከፈተ። አያ ፈንቴ፣ ዘበኛው፣
ከዝርዝሩ ስሙ የሌለ፣ አበል የማይደርሰው፣
ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣
ወንበር አይቶ እንጂ ርእስ አይቶ አልነበረም የቀረበ።
«እዚህስ ስለምንድን ነው?» አለ።
ነገረችው።
«ኧረ ሐሙስና እሑድ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ።
መጀመሪያ ቧንቧው ያስነጥሳል፤ አየር ነው፤ ከዚያ ይመጣል።
እኔ ነቅቸ አይደል የማድር? ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ብዙ አየችው። ክሩን ለቀቀች።
«እንግዲያ ሲያስነጥስ፣ የብረት ምሰሶውን ይምቱልን።»
«ሦስት ጊዜ» አለ።
አበቃ። ቃለ ጉባኤ የለ፣ ጭብጨባ የለ፤
ዝናቡ ሳያባራ፣ ሻይ ሳይመጣ።

ማታ ሪፖርት ስሞላ፣ ቅጹ ላይ ሳጥን አለ፦
«የአወያዩ አስተዋጽኦ» የሚል።
ብዕሬን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ፤
ሳጥኑን እንዳለ ተውሁት።

ሐሙስ ሌሊት ነቃሁ።
ብረት፣
ብረት፣
ብረት።
ከዚያ የጀሪካን ቋቋታ፤ አንድ በር፣ ሌላ በር፣
የብርቄ ሳቅ በጨለማ፣ ከእነ ሰጠኝ ግቢ ባትሪ።
እኔን ማንም አልጠራኝም።
ብርድ ልብሱን ስቤ፣
ዞሬ ተኛሁ።