አወዳደቅ

ጁዶ ሊማር ለመጣ ልጅ፣ መጀመሪያው ትምህርት መጣል አይደለም፤
ሳይወድቅ የሚጥል ሰው፣ በዚህ አዳራሽ የለም።
«አወዳደቄን አሳምርልኝ» ብሎ ሰው ፈጣሪውን ይለምናል፣
የኔ ተማሪ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ይለማመደዋል።

«አገጭሽን ደረትሽ ላይ፣ ጀርባሽን እንደ ቅል፣
ምንጣፉን በጥፊ በይው፣ ሕመምሽን ያካፍል።
እጅሽን ግን አትዘርጊ፤ መሬት ሰላምታ አያውቅም፣
የዘረጋሽለትን ክንድ ሳይሰብር አይለቅም።»

ይህን ስል ኖሬያለሁ ሃያ ሁለት ዓመት፣
በኩባ፣ በሲየንፉዌጎስ ወደብ፣ የስኳር መጋዘን በነበረው ቤት፤
ምንጣፉ በፕላስተር ተጣፍፎ፣ ጣራው በጨው አየር ተበልቶ፣
ስንት ልጅ እዚህ ወድቆ፣ ስንት ልጅ ከዚህ ተነሥቶ።

ያን ማክሰኞ ማታ፣
መብራት ሊሄድ አሥር ደቂቃ ሲቀር፣
ልጆቹ ዝለው፣ ሙቀቱ እንደ ርጥብ ብርድ ልብስ ከብዶ ነበር።
ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ፣ ልቤ የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣
«አንዴ ብቻ ድገሙ» አልኩ፤ ቃሉ ወጣ ከሐሳቤ ቀድሞ።

ሬይኒየር ዳሌውን አስገባ፣ ዩስሌዲ ከመሬት ተነቀለች፣
ገና አየር ላይ ሳለች፣ እጇን ዘረጋች።
ድምፁ ትንሽ ነበር፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን ቷ ብሎ ቀረ፣
ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ሃያ ልጅ፣ ትንፋሹን ቀበረ።
«ኢራይዳ፣ ረሳሁት» አለችኝ፣ «እጄን ዘረጋሁ፣ ይቅርታ!»
ክርኗ ወልቆ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ እሷ ናት የምትለምን በዚያች አፍታ።

አልሳብኩም፣ አላሸሁም።
ጥቁር ቀበቶዬን ፈታሁ፤ በወገቤ ዞሮ የኖረ፣
የወለቀ ክንድ ሊሸከም ነው፤ ለካ ሥራው ይህ ነበረ።
«በረዶ!» ብዬ ስጣራ፣ መብራቱ ድርግም ብሎ ሄደ፣
ትንሹ ልጅ እናቱን እየጠራ ወደ በሩ ነጐደ።
ዓሣ ሻጩ ኤላዲዮ ከማዶ ባትሪ ይዞ ብቅ አለ፣
ለነገ ገበያ ያቆየውን፣ ድንጋይ የመሰለ ዓሣ በጋዜጣ እንደጠቀለለ።
በሦስት እግር ብስክሌት ሄድን፤ ዓሣው በክንዷ፣ እኔ በጎኗ፣
ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ይጨልማል ዓይኗ።

እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ እጇን ሳታደርቅ ደረሰች።
ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሷ ግን አንድ ነገር ጠየቀች፦
«ስትወድቅ እያየሻት ነበር?»

ስፖርት ነው፣ ያጋጥማል፤
የልጅ አጥንት ነው፣ ቶሎ ይገጥማል፤
ይህ ሁሉ አፌ ላይ ነበር።
«ሰዓት እያየሁ ነበር» አልኳት።
ዝም አለች። ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ አሰረችላት።

በማግስቱ በጉዳት መዝገቡ ላይ፣ «ምክንያት» በሚለው መስመር፣
«ተማሪዋ እጇን ዘረጋች» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነበር።
ሰረዝኩት።
«ደክሟቸው ሳለ ድገሙ አልኩ» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ፣
ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ ተጫንኩ።

ሬይኒየር ሦስት ሳምንት ሰው አልጣለም፤ እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ፣
ይቆማል ከግድግዳው ሥር፣ ተሸማቅቆ።
መውደቅ የአንድ ሰው ሥራ መስሎኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር፣
የጣይ እጅ እጅጌው ላይ ቢቆይ፣ ግማሹን ይሸከም ነበር።

ትናንት ዩስሌዲ መጣች። ጀሶው ተፈትቷል፤ አንድ ክንዷ ከሌላው ቀጥኗል።
ሰዓቱን አውርጄዋለሁ፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።
«ና፣ ጣለኝ» አለችው ሬይኒየርን፣ «እጅጌዬን ግን እንዳትለቅ።»
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።
«ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሆንም» አልኩ።
ፊቷን አጠቆረችብኝ።
ታጥቁረው።