አራት ደቂቃ

ከአሞራ ገደል በር፣ ከዓሣ ገበያ፣
በረዶ እንሸከም ነበር፣ ደርበን ጆንያ፤
እኔና ሐሜሶ፣ ሌሊት ተነሥተን፣
የሰው ዓሣ እንዳይሸት፣ የራሳችንን ትከሻ አደንዝዘን።

ለኔ በረዶ ማለት ሸክም ነው፤ ሒሳቡ በቁጥር።
ለሱ ግን ሌላ ነበር፤
ስባሪው አምልጦ፣ በሲሚንቶው ሲንሸራተት፣
ቆሞ ይሸኘዋል፣ ግድግዳ እስኪያቆመው፣ በዓይኑ ተከትሎት።

ጫማው ከሰልባጅ ነው፣ ከሥሩ ባለ ጎማ፣
ግራው በልኩ ነው፣ ቀኙ ሰፊ ሆኖ፣ ካልሲ የተጠማ፤
ዱላው የግራር እንጨት፣ ጫፉ በእሳት የጎበጠ፣
ኳሱ የቀለም ቆርቆሮ፣ ከሊስትሮ የለመንነው፣ አሸዋ የዋጠ።
እኔን በረኛ አሉኝ፣ መንሸራተት ስለማልችል፤
የሶፋ ስፖንጅ ታጥቄ ስቆም፣ ግንብ ነበር የምመስል።

እሑድ በማለዳ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣
ባጃጆች እየተሳደቡ፣ ዳር ይዘው ሲነዱ፣
እሱ እንደ ቆሮሶ ይሾልካል በመሐል፣
ቆርቆሮው ከዱላው ጋር የተሰፋ ይመስል።

አባቱ ዳንጊሶ፣ መረብ እየጠገነ፣
«ይሄ የልጄ ጨዋታ ምን ይባላል?» አለኝ፣
ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል፣ ድምፁ እየቀጠነ።
«ሆኪ» ስለው ጊዜ፣
ቃሉን አኝኮ አኝኮ፣ እንደ ዓሣ እሾህ፣ በጣቱ አወጣው በትካዜ።

ከዚያ አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀረጸው፤
ያንን ሌላ ሰው አየው፤
ያም ለሌላ ላከው፤
እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ደብዳቤ መጣ፣
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሐሜሶ ወጣ፣
በሐይቅ ላይ በእግር ወደሚኬድበት አገር።
ዳንጊሶ የጠየቀው ይህችን ብቻ ነበር፤
«ታዲያ ዓሣውን በየት በኩል ያወጡታል?»
ሁላችን ሳቅን፤ እሱ ግን መልሱን ይጠብቃል።

ሌሊት ሌሊት ድምፁን በስልክ ይልክልኛል፦
«ጎማ ይቅር ባይ ነው፤ ስለት ግን ይቀየማል።
የአምስት ዓመት ሕፃን ዞሮኝ ያልፋል፣ ስቆ፤
እኔ ግድግዳ ይዤ፣ ጉልበቴ ደቆ።»

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው።
የነሱን ክረምት ሁለቴ ከረመው፤
አንዱን አግዳሚ ላይ፣ የሰው ዱላ ሲጠብቅ፣
አንዱንም አግዳሚ ላይ፣ ስሙ እስኪጠራ ሲሳቀቅ።
በሁለት ክረምት የገባው፣ ሲደመር፣ ሲጣራ፣
አራት ደቂቃ ነው።
በአራተኛው ለአንዱ አቀበለ፤ ያም አገባ፤
በድምፅ ማጉያም የሱ ስም ተጠራ፤
እንደ በረዶ ሰባብረው፣ ፊደሉን አጉድለው ጠሩት፤
ቢሆንም ጠሩት።

ተመለሰ፤ ከፊት አንድ ጥርስ ጎድሎ።
«ስንት ዓመት ተጫወትክ?» ይለዋል ሰው፣ ሻይ ቤት ተኮልኩሎ፤
«አራት ደቂቃ» ይላል።
ይስቃሉ። እሱም ይስቃል፤
በጎደለው ጥርስ በኩል ሌላ ነገር ይታያል።

ትናንት ሌሊት በረዶ ቤት መጣ፣ ፌስታል ይዞ፤
ባለ ስለቱን ጫማ ከውስጡ መዝዞ፣
ተንበረከከና ከትልቁ በረዶ ፊት፣
ጫረው፣ አንዴ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በትዕግሥት።
«ሰማህ?» አለኝ፤ «ይሄ ነው፤
ሌላው ይረሳኛል።
ሺህ ሰው ሲጮህ እንኳ ለብቻው ይሰማል።»
አስካለ ከውጭ ጮኸች፦
«ኧረ አምባዛዬ ሊገማብኝ ነው፣ ምን ይጎልታችኋል!»

ጆንያውን ደረበ። አነሣን።
ያ መስመር በኔ በኩል ነበር፤ ገበያው ሳንደርስ
ጠፋ።
ጀርባዬን አራሰው፣ እስከ ቀበቶዬ ድረስ።