ልኬት

ሜትሬን አንጠልጥዬ ሄድኩኝ ሱሉልታ፣
መንገድ ይለፍበት የተባለ ለታ።
ፊታውራሪ አጥላው ያሠሩት ነው አሉ፣
ከመናገሻ ጥድ፣ ምሰሶው በሙሉ።
ሕንዳዊው አናጢ፣ ስሙ የማይታወቅ፣
እንጨቱን እንደ ጥልፍ ያውቅ ነበር ማራቀቅ።

ግብር ያበሉበት አዳራሹ ዞሮ፣
የስኳር ሰልፍ ሆነ፣ የቀበሌ ቢሮ።
ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የድንች መጋዘን፣
ከዚያ ምንም አይደል፤
የሌሊት ወፍ ዘመን።

ዘበኛው ጉርሜሳ ስጽፍ አየኝ ቁጥር፣
ይህን ያህል ርዝመት፣ ይህን ያህል ማገር።
«ይኽንንስ?» ብሎ አሳየኝ መቃኑን፣
ቁመት የያዙበት የቢላ ጭረቱን።
«ይኸ የእሳቸው ልጅ፣ ይኸ የሊቀመንበሩ፣
እቺ ሎሚ ልጄ፣ እዚህ ሲያስተምሩ።»
ሁሉም በአንድ መቃን፣ በአንድ ልክ የቆሙ፤
አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ ካልጠሩት በስሙ።

ለዚህ ቦታ የለም፤ ከፎርሙ ላይ ፈለግሁ፣
«መቃን፣ ጥድ፣ ሁለት ሜትር» ጻፍሁና ዝም አልሁ።

ጉርሜሳ መቃኑን በጀርባው ተደግፎ፣
«በል እኔንም ለካኝ» አለ
ኮፍያውን ገፎ።